ኤታማዦር ሹሙ የማን ሰው ነው?

የቀበናው፦
ትናንት እዚሁ ቤት አንዱ «ኤታማዦር ሹም የጠቅላዩ ሰው ነው፤ ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጻፈ። እኔን ያናደደኝ ጽሑፉ ሳይሆን የላይኩ ብዛት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 እኮ ሠራዊቱ ከየትኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ይሠራል፣ ለሕገ መንግሥቱ ይገዛል ይላል። ቁንጮው የአንድ ሰው ሰው ከሆነ ከሥር ያለው ሻምበልና አሥር አለቃ የማን ሊሆን ነው?

ጎበዝ አለቃ፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። 87 ከመድረስህ በፊት 74ን አንብበህ ብትመጣ ጥሩ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው። ኤታማዦር ሹሞቹን እይ፦ ሰዓረ መኮንንን በ2010 የሾመው እሱ፣ አደም መሐመድን በ2011 እሱ፣ ብርሃኑ ጁላን በ2013 እሱ። ታዲያ ማንን ይታዘዝ? ፌስቡክን?

ሕግ ይከበር፦
መታዘዝ ሌላ፣ የሰው ሰው መሆን ሌላ። የኤታማዦር ሹም ትልቁ ሥራ ሰልፍ ላይ ሰላምታ መቀበል አይደለም። በሩ ተዘግቶ «በዚህ ስንቅ፣ በዚህ የሰው ኃይል ይህ ግዳጅ አይሳካም» ብሎ ለአዛዡ ፊት ለፊት መናገር ነው። ተናግሮ ሲያበቃ ትእዛዙ ሕጋዊ ከሆነ ይፈጽማል። አልችልም ካለ ደግሞ ይለቃል።

ፌቨን ዳላስ፦
«ይለቃል» ኪኪኪ። እስቲ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ አንድ ጥሩልኝ። ኤታማዦር ሹም የነበረው ጻድቃን በ1993 ሕወሓት ሲሰነጠቅ ተባረረ። የተካው ሳሞራ 17 ዓመት ተቀመጠ። ሰዓረ ሰኔ 15 ቀን 2011 ቤቱ ውስጥ በገዛ ጠባቂው ተገደለ። አደም የትግራዩ ጦርነት በተጀመረ ሳምንት ሳይሞላ ተነሣ። መልቀቂያ ደብዳቤ የታለ?

ጡረተኛው ሻለቃ፦
ልጆች፣ ከ1993 ነው እንዴ አገር የጀመረችው? የግንቦት 1981ን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ዘለላችሁት። ጄኔራል መርዕድ ንጉሤ ኤታማዦር ሹም ነበሩ። ሊቀመንበር መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በበረሩበት ቀን ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። እኔ ያኔ መቶ አለቃ ነኝ፣ ከረን አካባቢ። ከአሥመራ አንድ ትእዛዝ መጣ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ የሚያፈርሰው። የሬዲዮ ኦፕሬተሬ እርሳሱን ደብተሩ ላይ አቁሞ «ጌታዬ፣ የቱን ልጻፍ?» አለኝ። ምን ልበለው? መርዕድና የአየር ኃይሉ ዓምሐ ደስታ ራሳቸውን አጠፉ፣ ደምሴ ቡልቶ አሥመራ ላይ ተገደሉ፣ በዓመቱ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ያንን ሠራዊት ማን ይምራው?

ጎበዝ አለቃ፦
ሻለቃ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የነገሩን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኤታማዦሩ የጠቅላዩ ሰው ሳይሆን ሲቀር የሚሆነው ይኸው ነው።

ጡረተኛው ሻለቃ፦
የለም ልጄ፣ ገልብጠህ አነበብከው። ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። በየክፍሉ ከአዛዡ ጎን የፖለቲካ ኮሚሳር አስቀመጡ። አዛዡ ቦታው አያዋጣም ሲል ኮሚሳሩ ወኔ አጥቷል ብሎ ይጽፋል። ኤርትራ ውስጥ የነበረው የናደው እዝ አዛዥ ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የካቲት 1980 ተረሸኑ። በወሩ አፋቤት ላይ ናደው ተደመሰሰ። የሰው ሰው ስትፈልግ የምታገኘው ይህንን ነው።

የቀበናው፦
እጅዎ ይባረክ። አሁን ወደ ዛሬው ልመልሳችሁ። ኅዳር 2013 ኤታማዦር ሹሙ ብርሃኑ ጁላ መግለጫ ላይ ወጥቶ የዓለም ጤና ድርጅቱን ዶክተር ቴድሮስን ለሕወሓት ይሠራል፣ መሣሪያ ሊያስገኝላቸው ይሯሯጣል ብሎ ከሰሰ። ቴድሮስም አስተባበለ። እስቲ ንገሩኝ፣ ጄኔቭ ያለን ሰው መክሰስ የጦር አዛዥ ሥራ ነው? የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ምን ሊሠራ ነው?

ጎበዝ አለቃ፦
ሰሜን እዝ በጥቅምት 24 ሌሊት ከተወጋ ወር እንኳ አልሞላም ነበር! ጓዶቹን ያጣ ጄኔራል ቃላት እየመረጠ እንዲያወራ ትጠብቃለህ? አንተ ቀበና ሆነህ ማኪያቶ ስትጠጣ እሱ ጦርነት ላይ ነው።

የቀበናው፦
ማኪያቶውን ተወው፣ ጥያቄዬን መልስ።

ፌቨን ዳላስ፦
የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማንም የኮሪያ ጦርነት አዛዡን ጄኔራል ማክአርተርን ያባረረው ጦርነት ላይ እያለ ነው፣ ሚያዝያ 1943። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሊደርስ ወር አልቀረውም ነበር። ስንት ጦርነት ያሸነፈ ሰው ነው፣ ግን ከፖለቲካው መሪ ጋር በአደባባይ ተከራከረ፣ ወደ ቤትህ ተባለ።

ጎበዝ አለቃ፦
መጣች ደግሞ አሜሪካ! የእናንተው ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሚሊ እ.ኤ.አ. በ2020 የጦር ልብሱን ለብሶ ትራምፕን ተከትሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልሄደም? የማን ሰው ነበር?

ፌቨን ዳላስ፦
ሄደ፣ ከዚያ እዚያ መገኘት አልነበረብኝም ብሎ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። አንተ የምትከላከልላቸው መቼ ጠየቁ?

ሕግ ይከበር፦
በጎውንም እንይ እንጂ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ፖለቲከኞቹ የሰላም ስምምነቱን ፈረሙ። ኅዳር ላይ ናይሮቢ ብርሃኑ ጁላና የትግራይ ኃይሎች አዛዥ ታደሰ ወረደ ተቀምጠው ትጥቅ የማስፈታቱን አፈጻጸም ፈረሙ። ሲዋጉ የከረሙ ሁለት አዛዦች አንድ ጠረጴዛ ላይ። በዚያ ቀን ኤታማዦር ሹሙ የማንም ሰው አልነበረም፣ ባለሙያ ነበር። ለሌላው ቀንም ይኸው ይሁን ነው የምለው።

አዱ ገነት፦
ጥያቄ አለኝ። ጉግል ሳታደርጉ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ማን ነው?

የቀበናው፦
አብርሃም በላይ?

አዱ ገነት፦
እሱማ ከተቀየረ ቆየ። ይኸው ነው ነጥቤ። ያው 87 ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ይላል። ሲቪሉ ለሕዝብ ያስረዳ፣ በምክር ቤት ይጠየቅ፣ ወታደሩ ደግሞ ሠራዊቱን ይምራ ተብሎ እኮ ነው። ሚኒስትሩን ማንም አያውቀውም፣ ኤታማዦሩ ግን ከቴሌቪዥን አይወርድም። እዚያ ወንበር ላይ ማንም ቢቀመጥ ወደ ፖለቲካ መግባቱ አይቀርም።

ጎበዝ አለቃ፦
ቅናት ነው ይህ ሁሉ። በ2014 ፊልድ ማርሻል ሲሆን ጀምሮ ሆዳችሁ አልበረደም።

ጡረተኛው ሻለቃ፦
ይህ ማዕረግ የንጉሡም ነበር፣ እሳቸውን ግን ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ከመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው፣ አላዳናቸውም። የመራው የክብር ዘበኛው አዛዥ እኮ የራሳቸው ሰው ነበር፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ። ከእሱ በላይ የቅርብ ሰው ከየት ይመጣል?

ጎበዝ አለቃ፦
ሻለቃ፣ ሐረር ጦር አካዳሚ የተማሩ ነዎት መሰለኝ፣ ንግግርዎ ሁሉ የሐረር ነው።

ጡረተኛው ሻለቃ፦
ሐረር በእኛ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ሆለታ ነኝ።

አዱ ገነት፦
ኮሎኔል መንግሥቱም ሆለታ ነበር እኮ ሻለቃ፣ ኪኪኪ።

ጡረተኛው ሻለቃ፦
ሆለታ ስንቱን ጀግና አፍርቷል! በአንድ ሰው ስሙን አታጥፋ። አንተ የትኛው ጦር ነህ ለመሆኑ?

አዱ ገነት፦
ብሔራዊ ውትድርና ሊያፍሱን ሲመጡ ቆጥ ላይ የተደበቅነው ጦር።