ምሕረት፣ ይቅርታ፣ ስርየት፦ ሦስቱ ቃላት አንድ ናቸው?

የጠባሴው፦
ሰላም ለቤቱ። እኛ ቤት ማታ ከራት በኋላ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፤ ሰሞኑን ማቴዎስ ላይ ነን። ምዕራፍ 18 ላይ ጴጥሮስ ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ «ልተውለት» ይላል። ከዚያ የባለዕዳው ምሳሌ ይመጣል፤ ጌታው አገልጋዩን «እኔ እንደማርሁህ» ይለዋል። መዝጊያው ላይ ደግሞ ወንድሞቻችሁን «ይቅር ካላላችሁ» ተብሏል። ታናሽ እህቴ «ተወ፣ ማረ፣ ይቅር አለ፤ አንድ ከሆነ ምነው ሦስቴ ስሙን ለወጡት?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ። ስርየት የሚባለውን ስትጨምርበት ጭራሽ ግራ ገባኝ። የምታውቁ አስረዱን።

የመንዟ፦
እህትህ ትባረክ። እኔ የማውቀው ከትልቅ ሲመጣ ምሕረት፣ ከእኩያ ሲመጣ ይቅርታ መባሉን ነው። ሌላውን ጋሼ ይጨምሩበት።

የአንኮበሩ፦
የመንዟ በአጭሩ ጨርሳዋለች፤ እኔ ሥር ሥሩን ልሂድበት።

«ይቅርታ» የመጣው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው። «ይቅር» ማለት «አይምጣ፣ ይተው» ነው፤ ስለዚህ «ተወ» እና «ይቅር አለ» ቤተ ዘመድ ናቸው፤ እህትህ የቆጠረቻቸው ሦስቱ በእኔ ቤት ሁለት ናቸው። ግእዙ አቡነ ዘበሰማያትም «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ» ይላል፤ ኀደገ ማለት ተወ ነው። አማርኛው «በደላችንን ይቅር በለን» ሲል ቃሉን ቀየረ እንጂ ሐሳቡን አልለቀቀም።

የሚቀረው ነገር ምንድን ነው? ዕርቅ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል። በዳይ ነጠላውን አደግድጎ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ይገባና ከተበዳይ እግር ሥር ይደፋል። ድንጋዩ አይወርድም፤ ሽማግሌዎቹ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ማርያም» እያሉ ይለምናሉ፤ ተበዳይ ፊቱን ያዞራል፤ እንደገና ይለመናል። በመጨረሻ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ድንጋዩ ይነሣል። በደሉ ተፈጽሟል፣ ካሳውም እንደየነገሩ ይከፈላል፤ የሚቀረው ቂሙ ነው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባል የለ? ይርሳ ብሎ የሚያስገድደው ሽማግሌ የለም፤ ይተው ነው የሚሉት። ዛሬ ታክሲ ውስጥ እግር ረግጠን የምንወረውራት «ይቅርታ» የዚያችው ቃል ልጅ ናት ቢሉኝ ለማመን ይከብደኛል። «ለተፈጠረው መስተጓጎል ይቅርታ» የሚለውን ማስታወቂያ ግን ባልናገረው ይሻላል።

«ምሕረት» ሌላ ነው። መሐረ፣ ራራ። ሊቀጣ ሥልጣኑ ያለው እያለው ሲተው ነው፤ ለዚህ ነው ምሳሌው ውስጥ ንጉሡ «ማርሁህ» ያለው። ዕዳው እልፍ መክሊት ነበር፤ እልፍ አሥር ሺህ ነው። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር፣ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ። ስታባዛው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ ያ ሰው «ታገሠኝ፣ እከፍልሃለሁ» ማለቱ ራሱ ቧልት ነው። ባልንጀራውን አንቆ የያዘው ግን ለ100 ዲናር ነው። መቶ ዲናር ቀላል አይደለም፣ የሦስት ወር ጉልበት ነው፤ ይህን ብዙ ሰባኪ ያልፈዋል። ተበዳይ በእርግጥም ተበድሏል፤ ምሳሌው ያንን አይክድም።

«ስርየት» ከሁለቱም ትለያለች። ጎረቤቴ ሰረየልኝ የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ጸሎተ ሃይማኖት «ለሥርየተ ኃጢአት» ይላል፤ የሚሰረየው ኃጢአት፣ ሰራዩም እግዚአብሔር ነው። ሰው ቂሙን መተው ይችላል፤ የሌላውን ኃጢአት መፋቅ ግን አይችልም።

የሸዋ ሮቢቷ፦
ጋሼ፣ እኛ ቆላ ኢፋት አንዲት ረስተዋል። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን «አፉ በይኝ» ይላሉ፤ መልሱ «አፉ ብያለሁ» ነው። ለዒድ ደጅ ለደጅ እየተዞረ የሚባለው እሱ ነው። ዐረብኛ ነው ይባላል፤ እኛም አብረን ስላደግን ካፋችን አይጠፋም።

የአንኮበሩ፦
ልክ ነሽ እትዬ፣ ከዐረብኛው «ዐፍው» ነው፤ እሱም ይቅር ማለት ነው። አፍ ከሚለው አካል ጋር ዝምድና የለውም።

የችሎቱ፦
ሥራዬ ከሕግ ጋር ስለሆነ አንድ ነገር ልወርውር። በሕጋችን ምሕረትና ይቅርታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይቅርታ የሚሰጠው ለተፈረደበት ሰው ነው፤ ቅጣቱ ይቀርለታል ወይም ይቀልለታል፣ ጥፋተኛ መባሉ ግን መዝገብ ላይ ይኖራል። ምሕረት ክሱንም ያቋርጣል፣ ፍርዱንም እንዳልነበረ ያደርገዋል። ለየብቻ አዋጅ አላቸው፤ የይቅርታው 840/2006፣ የምሕረቱ 1096/2010። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ደግሞ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በሁለቱም አይታለፍም ይላል። ሕግ አርቃቂዎቹ የመንዟን ጠይቀው የጻፉት ይመስላል።

የመንዟ፦
ሃሃ፣ አበል አልከፈሉኝም!

የአንኮበሩ፦
የችሎቱ ያለው ከዳዊት ጋር ገጠመልኝ። መዝሙር 50 «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ» ብሎ ይጀምርና «ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ ደምስስ ሊተ አበሳየ» ይላል። በምሕረት የተለመነው መደምሰስ ነው፣ ከመዝገብ መፋቅ። ዳዊትን በየዕለቱ የሚደግም ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ ያገኘዋል፤ የማክሰኞው ድርሻ ከ31 እስከ 60 ነውና።

እዚያች ላይ «ሣህል» የምትባል አራተኛ ቃል አለች፤ እሷም ቸርነት፣ ምሕረት ናት። በአፍ ሞታለች፣ በስም ግን እኛው አገር ቀርታለች። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዛው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነው፤ አንጎለላ የተወለደው የልጅ ልጁ ምኒልክም ክርስትና ስሙ ሣህለ ማርያም ነበር።

«አበሳ»ን ደግሞ ልብ በሉልኝ። በግእዝ በደል፣ ኃጢአት ማለት ነው። እኛ «አበሳዬን አየሁ» ስንል መከራዬን ማለታችን ነው። ጥፋቱ ጠፋና ጣጣው ስሙን ወረሰ።

የጠባሴው፦
ኃጢአትስ? ሰባኪዎች «ማጣት» ማለት ነው ይላሉ፤ ማጣቀሻ የሌለው ስብከት እንዳይሆንብኝ።

የአንኮበሩ፦
ሥሩስ እውነት ነው። ኀጥአ አጣም፣ በደለም ይሆናል፤ የኛው «አጣ» የሱ ልጅ ነው። ነገር ግን ከሥር ቃል ላይ ሙሉ ስብከት መስቀል አልወድም። ኃጢአተኛ ሲባል ድኻ ማለት አይደለም፤ ሀብታሙም ኃጢአቱን አጥቶ አያውቅም። ከዚያ ይልቅ «ፈታ»ን እዩት። ግእዙ ፈትሐ መፍታትም መፍረድም ነው። ፍትሕ ከዚያ፣ ለሟች የሚደረገው ፍትሐት ከዚያ፣ ንስሐ የገባውም «ይፍቱኝ አባቴ» ሲል ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለው ከዚያ። ዳኛና ፈቺ ባንድ ግስ መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የመንዟ፦
እኔ ደግሞ ከሴቶች ጓዳ ልጨምር። አራስ ስንጠይቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የምንለው። ምን አጠፋችና? ታማሚንም «እግዜር ይማርህ»፣ ያስነጠሰውንም «ይማርህ» እንላለን፤ እሱም «ያኑርሽ» ይላል። ምሕረት እኛ ዘንድ ከሞት ማምለጥም ናት። ሽማግሌ ፊት የሚባለው ይቅርታ እዚህ አይገባም፤ አራስን «ይቅር አለችሽ» ብትላት ምን ሠራሁ ብላ ትደነግጣለች።

የሸዋ ሮቢቷ፦
«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውንስ ማንም አላነሣው? ማቴዎስ 5 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ የሚለው እኮ እሱው ነው። ሳል ሌባውን እንደሚያጋልጠው ቂምም ጸላዩን ያሳብቅበታል።

የጠባሴው፦
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ለእህቴ አነበብኩላት፤ ሌላ አመጣች። ማቴዎስ 9፥13 ላይ «ምሕረትን እወዳለሁ» ካለ በኋላ ይህ ምን እንደ ሆነ «ተማሩ» ይላል። ምሕረትና ትምህርት አንድ ግንድ ናቸው ወይ ትላለች።

የአንኮበሩ፦
አይደሉም፤ ቀድሞ በፊደል ይለያዩ ነበር። በሐመሩ ሐ ሲጻፍ መሐረ፣ ራራ፤ በሃሌታው ሀ ሲጻፍ መሀረ፣ አስተማረ። አማርኛ ሁለቱንም ድምፅ ሲውጣቸው «ማረ» እና «ተማረ» ተቀራረቡ። ዛሬ የሚለያቸው መጥበቅና መላላት ነው፤ «ይማር» ማ ሲላላ ምሕረት ያድርግ፣ ሲጠብቅ ትምህርት ቤት ይግባ። ጮክ ብላ ስታነብ ማዋን ታስተካክላት።

የመንዟ፦
ለኔ ልጅ ሁለቱም ያስፈልጉታል፣ ላልቶም ጠብቆም።

የችሎቱ፦
አንድ ማሳሰቢያ፦ ጋሼ የጠቀሱት መዝሙር 50 ግእዙ ዳዊት ላይ ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 51 ላይ ታገኙታላችሁ።