ጃፓናዊ ለመሆን ፊሊፒናዊነትን መተው፦ ልክ ነው?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር ከቤታችን ራቅ ይላል። ጃፓን ውስጥ ከ300 ሺህ በላይ ፊሊፒናውያን ይኖራሉ። የጃፓን ዜግነት የፈለገ ግን ፊሊፒናዊነቱን ይተዋል። ልክ ነው ወይስ ግፍ? ከነምክንያቱ ጻፉ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጉልን፣ እንዳንምታታ። ስድብ የለም። ያለፈው ሳምንት ይበቃናል።

የካትሱሺካዋ፦ ቶኪዮ ነው የምኖረው፤ ካትሱሺካ፣ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት አለች። 11 ዓመት ኖራለች። ፋይሏን አይቼዋለሁ፤ የድሮ የስልክ ማውጫ ያክላል። የልደት ሰርተፊኬት፣ የወላጆቿ የጋብቻ ወረቀት፣ ሁሉም ከማኒላ መጥቶ ወደ ጃፓንኛ የተተረጎመ። የግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ የደመወዝ ማስረጃ። የሰፈሯን ካርታ ሳይቀር ሥላለች። ከሁሉ ያስቸገራት ግን አንድ ገጽ ነው። «ለምን ጃፓናዊ መሆን ፈለግሽ?» የሚለውን በጃፓንኛ፣ በእጅ ጽሑፍ መመለስ አለባት። አራት ጊዜ ቀዳዋለች።

ፊት ለፊት፦ ታዲያ ምኑ ነው ግፍ? ሰርግ እንኳ ሽማግሌ ይላካል። ዜግነት በነፃ ይሰጥ ነው?

የካትሱሺካዋ፦ ማመልከቻው እኮ በነፃ ነው ወንድሜ። ኪስ የሚያራቁተው ትርጉሙና ምልልሱ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። ማመልከቻው የሚገባው በመኖሪያ አካባቢ ላለው የሕግ ጉዳዮች ቢሮ ነው፤ እነሱ «ሆሙኪዮኩ» ይሉታል። በአካል ነው የሚቀረበው። ሕጉ ቢያንስ በተከታታይ 5 ዓመት መኖር፣ 18 ዓመት መሙላት፣ መልካም ጠባይና መተዳደሪያ ገቢ ይጠይቃል። ከጃፓናዊ ጋር የተጋባ ይቀለዋል፦ 3 ዓመት ከኖረ፣ ወይም ከተጋባ 3 ዓመት ሆኖት 1 ዓመት ከኖረ ይበቃዋል። የቋንቋ ደረጃ ሕጉ ላይ የለም፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ያጣሩሃል። የመንጃ ፈቃድ ቅጣት እንኳ ይታያል። ይህን ሁሉ አሟልተህም መብት አይሆንልህም። የመጨረሻው ቃል የፍትሕ ሚኒስትሩ ነው።

ዱባይ የነበርኩት፦ እኔ ሕግ አላውቅም። ዱባይ አንድ ቤት ውስጥ ከፊሊፒናዊት ጋር ሠርቻለሁ። ደመወዝ በገባ ማግስት ለእናቷ ብሎኬትና ቆርቆሮ ነበር የምትልከው። ሁሌ ፎቶ ታሳየኛለች፣ አንድ ግድግዳ ሲጨመር። እንዲህ ያለች ሴት ዜግነቷን ብትተው መሬቷስ?

የሕግ ተማሪ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የፊሊፒንስ ሕገ መንግሥት የውጭ ዜጋ መሬት እንዳይገዛ ይከለክላል። በትውልድ ፊሊፒናዊ የነበረ ሰው ግን ለመኖሪያ ከተማ ላይ እስከ 1,000 ካሬ ሜትር፣ ገጠር እስከ 1 ሄክታር መግዛት ይችላል። ባዶ እጅ አያስቀሩም፤ ግን ጣሪያ አለው።

ፊት ለፊት፦ በቃ፣ ተመለሰ! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። የኛም አገር ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ቢጫ ካርድ ለምን የመጣ መሰላችሁ? ጃፓን ላይ ሲሆን ነው ግፍ የሚሆነው?

ዱባይ የነበርኩት፦ የኛም ስለሆነ ልክ ነው ማለት ነው? የአጎቴን ልጅ ቢጫ ካርድ ይዞ ሲሰለፍ ጠይቀው።

የሕግ ተማሪ፦ የፊሊፒንሱ ከኛ ይለያል። ማኒላ በ2003 ባወጣችው ሕግ በትውልድ ፊሊፒናዊ የነበረና የሌላ አገር ዜግነት ወስዶ ያጣውን ሰው በቃለ መሐላ ትመልሰዋለች። አሜሪካና ካናዳ ያሉት ሁለቱንም ይዘው ይኖራሉ። ጃፓን ያለው ግን አይችልም። በጃፓን ሕግ፣ በራሱ ፍላጎት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ጃፓናዊ የጃፓኑን ያጣል። እንግዲህ አስቡት፤ ማኒላ በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች፣ ገብቶ ሲማል የቶኪዮው ከኋላው ይዘጋል። ይህ ድንጋጌ ተከስሶ ነበር። የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት በ2021 ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል።

ፊት ለፊት፦ ፍርድ ቤቱም ከኔ ጋር ነው እንግዲህ።

የሕግ ተማሪ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ፍርድ ቤት ካነሳህ የ2008ቱም አለ። ከፊሊፒናውያን እናቶችና ከጃፓናውያን አባቶች ያለ ጋብቻ የተወለዱ 10 ልጆች ነበሩ። አባቶቻቸው ከተወለዱ በኋላ ልጆቻችን ናቸው ብለው በሕግ ፊት ተቀብለዋቸዋል። ሕጉ ግን ወላጆቹ ካልተጋቡ ዜግነት የለም ይል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ እኩልነትን ይጥሳል ብሎ ፈረደላቸው። ሕጉም ተሻሽሎ ከጥር 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ እንደነሱ ያለ ልጅ፣ 18 ሳይሞላው ካመለከተ፣ ይህ ሁሉ ፋይል አያስፈልገውም። ማስመዝገብ ይበቃዋል።

ፊት ለፊት፦ የልጆቹን እቀበላለሁ። አባት ጃፓናዊ ከሆነ የሚያከራክር የለም። እኔ የምለው ስለ አዋቂው ነው። አዋቂ ይመርጣል። ካልፈለገ ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ይውሰድ።

የካትሱሺካዋ፦ ቋሚ መኖሪያው እኮ በመደበኛው መንገድ 10 ዓመት ነው የሚጠይቀው። ዜግነቱ በሕጉ 5 ነው፤ በአሠራርም እስከ 2026 መጀመሪያ 5 ይበቃ ነበር። እንግዳ ለመባል ከሚጠበቀው ጊዜ ቤተኛ ለመባል የሚጠበቀው ያጥር ነበር! ይስተካከል የሚሉ ጃፓናውያን ብዙ ነበሩ። እነሱ ግን የሚፈልጉት የዜግነቱ እንዲረዝም ነበር። ደግሞ ቋሚ መኖሪያ ድምፅ አያሰጥም። ጓደኛዬ የምታነሳው ይህንን ነው። «የነዚህን ሽማግሌዎች ዳይፐር እየቀየርኩ 11 ዓመት ግብር ከፈልኩ፤ የአረጋውያን እንክብካቤ በጀት ላይ የሚወስነውን ሰው ግን አልመርጥም» ትላለች።

ዱባይ የነበርኩት፦ ይኼ ነገር አንጀቴን በላው።

ፊት ለፊት፦ እኔንም ነካኝ፣ አልዋሽም። ግን ለመምረጥ አንዱን ይዞ መቅረት ነው፤ ሁለት ቦታ የሚመርጥ ሰው አልገባኝም። ስሟንስ ትቀይር ይሏታል?

የካትሱሺካዋ፦ አያስገድዱም። አዲስ የቤተሰብ መዝገብ ይከፈትላታል፣ «ኮሴኪ» የሚባለው። ስሙ በጃፓን ፊደል ይጻፍ እንጂ የራሷም ቢሆን በካታካና፣ የውጭ ስም በሚጻፍበት የጃፓን ፊደል፣ ይገባል። ያስቸገራት የመካከለኛው ስም ነው። ፊሊፒናውያን እናታቸው ከመጋባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም መሃል ላይ ያስገባሉ። ኮሴኪ ደግሞ ቦታው ሁለት ብቻ ነው፤ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም። ከራሷ ስም ጋር አያይዢ ብለዋታል። ወረቀት ላይ እየጻፈች ስትሞክረው መስመሩ አልበቃ አላት።

አወያይ፦ ልዘጋው ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ ጓደኛሽ አስገባች ወይስ ተወችው?

የካትሱሺካዋ፦ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አላት፣ ፈረቃዋን እኔ ነኝ የምሸፍነው። ፓስፖርቶችሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ ተብላለች፣ ጊዜው ያለፈበትንም ጭምር። አሮጌውን እናቷ ቤት ትታው ነበር። ትናንት በፖስታ ደረሰላት።