ኮሮላዬ አቀበት እምቢ አለች፣ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ልቀይር?

ባለ ኮሮላ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። 2003 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ። የቼክ ኢንጂን መብራት ከበራ ሁለት ወሩ ነው። በማሽን ሲታይ ፒ0420 የሚል ኮድ ያወጣል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ያ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ዕቃ፣ በደንብ አይሠራም ማለት ነው። ሰሞኑን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ ወይ ፍንክች! አንዱ ጋራዥ «ኮንቨርተሩ ደፍኗል፣ ይቀየር» አለኝ። ሌላው «ውስጡን ሰብረን እናውጣልህና ተገላገል» አለኝ። ምን ይሻለኛል?

ሾፌሩ፦
አስወጣው ባክህ። የኔን ካስወጣሁ ሦስት ዓመቴ፣ ምንም አልሆንኩም።

ጋሽ ቡሎን፦
አንተማ ምን ትሆናለህ፣ ከኋላህ የሚነዳው ነው የሚታጠነው። ውስጡ ያለው የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ነው። ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ብረቶች የተቀባው መርዛማውን ጭስ ጉዳቱ ወዳነሰ ለመለወጥ ነው።

ባለ ኮሮላ፣ ኮንቨርተር ዝም ብሎ አይሞትም። ሞተር ሚስ ሲያደርግ፣ ማለት አንዱ ሲሊንደር ሳይቀጣጠል ሲቀር፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን እዚያ ሄዶ ይቀጣጠላል፣ ሴራሚኩም ይቀልጣል። ዘይት የሚበላ ሞተርም ይጨርሰዋል። ሳትገዛ በፊት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አውጥተህ እይ።

ባለ ኮሮላ፦
ጋሽዬ፣ እንዳሉኝ ከፈትኩት። የሁለተኛው ካንዴላ ጉድጓድ ዘይት ሞልቶታል! ጠዋት ጠዋት ስትንቀጠቀጥ ብርድ ነው እያልኩ ነበር።

ጋሽ ቡሎን፦
አገኘኸው፣ ሚስ የሚያስደርጋት ይሄ ነው። የቫልቭ ከቨሩን (የሞተሩን የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን፣ ማለት ማሸጊያውን፣ እና የካንዴላ ቱቦዎቹን ጎማ ቀይር፣ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይልም አስፈትሽ። ይህን ሳታደርግ አዲስ ብትገጥም እሱንም ትቀብረዋለህ።

መድፈኑንም በግምት አትቀበል። ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው፣ ጭሱን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ተፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ይገጠም። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር ግፊቱ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ካለፈ ጭሱ መውጫ አጥቷል።

ሰናይት፦
ያገለገለ ኮንቨርተር ከሶማሌ ተራ፣ ከመለዋወጫ ገበያው፣ የምትገዛ ከሆነ አንስተህ ነቅንቀው። ከተንኳኳ ውስጡ ተሰብሯል፣ ተወው። በአንድ በኩል የስልክህን መብራት አብርተህ በሌላው እይ፤ ቀዳዳዎቹ ክፍት መሆን አለባቸው። እኔ ሳላይ ገዝቼ ባዶ ቆርቆሮ ይዤ ገብቻለሁ።

ጋሽ ቡሎን፦
ልጄ ትክክል ብላለች። ሲገጠም ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው (ድምፅ ወደሚያፍነው የኋላ ጣሳ) ይዙር። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን በሲሊኮን እንዳይለጥፉልህ። የሲሊኮን ትነት ሴንሰር ይገድላል። ቡሎኖቹ መጀመሪያ በእጅ ይያዙ፣ ከዚያ እያፈራረቁ ይጥበቁ። መጨረሻ ላይ፣ ብረቱ ሳይግል፣ ሞተሩን አስነስተህ መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ አፍስስ። አረፋ ከሠራ ያፈሳል።

ባለ ኮሮላ፦
ጎማዎቹ ተቀየሩ፣ መንቀጥቀጡ ቀረ። መድፈኑም ተለክቶ ተረጋግጧል፣ 5 ፒኤስአይ! አሁን ኮንቨርተሩን ልናወጣ ስንል ከሱ በኋላ ያለው ሴንሰር ነው አልፈታ ያለን። ማታ የዝገት ዘይት ነፍተንበት አድሯል።

ጋሽ ቡሎን፦
ሁለት ሦስት ደቂቃ አስነሱና አጥፉት። ብረቱ ሞቅ እንዳለ በ22 ቁልፍ ሞክሩት። ጓንት አድርጉ እንጂ!