ስምንት ቀን በሳይክል በፈረንሳይ ገጠር፤ በየት በኩል ይሻላል?

ቀስ_በቀስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ሴፕቴምበር ላይ ስምንት ቀን ፈቃድ አግኝተናል፤ የፈረንሳይን ገጠር በሳይክል ማየት አምሮናል። ስፖርት አይደለም የምንፈልገው። ወንዝ ዳር፣ የወይን እርሻ፣ መኪና የማይበዛበት መንደር፣ ማታ ጥሩ እራትና ጥሩ አልጋ፣ በቃ። ሁለት መንገድ ይዤ እያመነታሁ ነው። አንዱ የሉዋርን ወንዝ ተከትሎ የሚሄደው "ላ ሉዋር አ ቬሎ" ነው፤ ሌላው ከቱሉዝ እስከ ሜዲትራንያን የሚወርደው ካናል ዱ ሚዲ የሚባለው የጀልባ ቦይ። ለሉዋሩ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ በቀን 70 ኪሎ ሜትር ከነዳን ከኦርሌአን ተነስተን አትላንቲክን እናያለን። ባለቤቴ ሳይክል የምትነዳው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። እኔም ያው ነኝ፣ አልዋሽም። የሞከራችሁት ካላችሁ ምን ትላላችሁ? ሳይክል በባቡር መጫንስ ያስቸግራል?

ጎማ_ነፊ፦
ወንድሜ፣ 70ዋን ኪሎ ሜትር እርሳት። ቦርሳ የተጫነ ሳይክል እየተዝናኑ ሲነዱት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። 70 ማለት አምስት ሰዓት ገደማ ኮርቻ ላይ መዋል ነው፤ ያውም ስምንት ቀን በተከታታይ። ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤትህ አታናግርህም። እዚያ ላይ ሻቶዎቹን፣ የድሮዎቹን ቤተ መንግሥቶች ማለቴ ነው፣ ጨምር። ሻምቦር ብቻውን ግማሽ ቀን ይበላል።

ሙሉው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንዴ ጨርሰው ያለህ የለም። በብሉዋና በሶሚር መካከል ያለውን ብቻ ያዝ። ሻምቦር ደርሶ መመለሱን ጨምሮ 200 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ አምቧዝ፣ ቱር፣ ቪላንድሪ ሁሉም በመንገድህ ላይ ናቸው። ሶሚር አካባቢ ቱፎ የሚሉት ነጭ ድንጋይ አለ። ሻቶውንም ቤቱንም የሠሩት በእሱ ነው። ድንጋዩ ከገደሉ እየተቆረጠ ሲወጣ የቀረው ዋሻ ደግሞ መኖሪያ ሆነ፣ የወይን ማስቀመጫ ሆነ፣ እንጉዳይ ማብቀያ ሆነ። በርና መስኮት ያለው፣ አናቱ ላይ የጭስ ማውጫ የወጣበት ገደል ታያለህ፤ ከገደሉ በላይ ደግሞ የወይን ተክል። ከንጉሥ ቤት ሁሉ ይልቅ እኔ የማስታውሰው እሱን ነው።

ማደሪያ ስትመርጥ "አከይ ቬሎ" የሚል ምልክት ያለበትን ፈልግ። ከሳይክል መንገዱ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልራቀ፣ ሳይክል የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያለው ማለት ነው።

ንፋስ_አዋቂ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ አቅጣጫውን ብቻ ገልብጠው። ከሶሚር ጀምረህ ወደ ብሉዋ ንዳ። ሰው ሁሉ ወንዙ የሚወርድበትን ይከተላል፣ ቁልቁለት የሚያገኝ እየመሰለው። እዚያ ጋ እኮ ሉዋር ሜዳ ነው፤ ቁልቁለቱን እግርህ አያውቀውም። ንፋሱን ግን በደንብ ያውቀዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ፣ ከውቅያኖሱ በኩል ስለሚነፍስ። እኔ ወደ ምዕራብ ስሄድ ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴን በጥፊ ሲመታኝ ዋለ። አንገቴን ቀብሬ፣ ማርሹን የመጨረሻው ቀላል ላይ አድርጌ ስታገል፣ ከፊት ለፊቴ የሚመጡ አዛውንት ባልና ሚስት ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እያወሩ፣ "ቦንዡር" ብለውኝ ሽው አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ዋስትና የለውም፣ ንፋስ ነው፣ ግን ዕድልህን ከፍ ታደርጋለህ።

ሰንሰለት፦
ስለ ካናል ዱ ሚዲ ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። ከቱሉዝ ስትወጣ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ አስፋልት ነው፣ እንደ ምንጣፍ። እሱን አይተህ እንዳትሸወድ። ከዚያ በኋላ ብዙው ቦታ ጠጠርና አፈር ነው፤ መንገዱ ይጠብና የዛፍ ሥር ይመጣል። እንደ ሰው ክንድ የወፈረ ሥር፣ መንገዱን አቋርጦ፣ አንዱን አለፍኩ ስትል ሌላው። ቀጭን ጎማ ይዤ ሄጄ በአንድ ከሰዓት ሁለቴ ተነፈሰብኝ፤ ሁለተኛው ላይ መለወጫዬ አልቋል። ሦስት ኪሎ ሜትር እየገፋሁ ሄጄ የሳይክል ሱቅ ሳገኝ በሩ ላይ "ሰኞ ዝግ" ይላል። የፈረንሳይ ገጠር ሰኞ ሁለተኛ እሁድ ነው በለው። ካናሉ ላይ ጀልባውን አቁሞ ቡናውን የሚጠጣ ሰውዬ ማጣበቂያና ፖምፓ ባያውሰኝ እዚያው ነበር የማድረው።

ጥላውም እንደሚወራው አይደለም። በካናሉ ዳር የቆሙት የፕላታን ዛፎች 42,000 ገደማ ነበሩ፤ ከ2006 ጀምሮ የፈንገስ በሽታ ገብቶባቸው እየተቆረጡ ነው። በምትካቸው ችግኝ ተተክሏል፣ ግን ችግኝ ጥላ የለውም።

አትሂዱ ማለቴ ግን አይደለም። 240 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ ነው፣ ሞተር በሌለበት ዘመን በሰው ጉልበት የተቆፈረ፤ በ1666 ተጀምሮ በ1681 ተከፈተ። ነገሩን ያሰበው ሪኬ የሚባል የጨው ግብር ሰብሳቢ ነው፤ ሊከፈት ወራት ሲቀሩት ሞተ፣ ያሳዝናል። ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ በሮች ጋ ዳቦዬን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ሳይ ስንት ሰዓት እንዳለፈ አላውቅም። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሴት የምትባል የወደብ ከተማ አለች (ስሟ ነው፣ አትሳቁ)። ከሄድክ ከ35 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ጎማ አድርግ። ካናል ሆኖ አስፋልት ይሁንልኝ ካልክ ከቱሉዝ ወደ ሌላው አቅጣጫ፣ ወደ ቦርዶ በኩል የሚሄደው የጋሮን ካናል አለልህ፤ 193 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጎማህ አያለቅስም።

ቀስ_በቀስ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል እያነበበች "ጎማ ነፊ ይባረክ" ብላለች። የሰኞው ነገር ግን አስደነገጠኝ። ምግብስ እንዴት ነው? መንገድ ላይ ጦማችንን እንዳንውል።

ነጭ_መንገድ፦
ልጄ፣ ምግብ አታጣም፤ ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነው። የገጠር ምግብ ቤት ምሳ የሚያቀርበው ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው፣ በነሱ አቆጣጠር ከ12 እስከ 14። 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ላብህን እየጠረግህ ብትደርስ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ ብትለምንም ወይ ፍንክች። ሱቁም በዚያው ሰዓት በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ጠዋት ዳቦ፣ አይብና ቲማቲም ገዝተህ ቦርሳህ ውስጥ ክተት፤ ቅዳሜ ከሆነ ለእሁድ ከሰዓትና ለሰኞም አስብ። ውሃ ካለቀባችሁ ወደ መንደሩ መቃብር ቦታ ሂዱ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ለአበባ ማጠጫ ብለው ቧንቧ ያስገባሉ። "ኖን ፖታብል" የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አትጠጡት።

እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴም የድሮው አይደለም፤ ግን ስም ከወጣለት መንገድ ውጡ ባይ ነኝ። የሚሽላን የወረቀት ካርታ ግዙ። በቀይ የተሳለውን ዋና መንገድ ተዉት፤ ቢጫውንና ነጩን ያዙ፤ ዳሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለበት ደግሞ መልክዓ ምድሩ የሚያምር ነው ማለት ነው። ነጩ መንገድ ላይ አንዳንዴ ከመኪና ይልቅ የሚቆጠረው ላም ነው። ላሞቹ ቆመው አንገታቸውን እያዞሩ ያዩሃል፣ እንግዳ ያዩ ይመስል። ቡርጎኝን ሞክሩ። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው በ1997 የተከፈተ ሲሆን፣ በፈረንሳይ "ቮአ ቬርት" (መኪና የማይገባበት የሳይክልና የእግር መንገድ) የተባለ የመጀመሪያው መንገድ ነው። 44 ኪሎ ሜትር፣ የድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ እናንተም አትቸገሩም። ከእሱ ሲሰለቻችሁ ወደ ነጩ መንገድ እጥፍ ነው፤ እዚያ ግን ዳገት አለ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። ቬሎሲዮ እያሉ የሚጠሩት ፖል ደ ቪቪ የሚባል የሴንት ኤቲየን ሰው ነበር፣ እንደ ሳይክል ጉዞ አባት ነው የሚያዩት፤ ለተጓዥ ካወጣቸው ደንቦች አንዱ ለታይታ ብለህ ፔዳል አትምታ ይላል። ሳይርብህ ብላ፣ ሳይጠማህ ጠጣ የሚልም አለው።

ባቡሩን ጠይቀህ ነበር። ቴር በሚሉት የክልል ባቡር ሳይክል በብዙ ቦታ በነፃ ይጫናል፤ በአንዳንድ መስመር ላይ ግን ሰው በሚበዛበት ወቅት ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። ሳይክል ሳይፈታ የሚጭነው ሁሉም ቴዤቬ፣ ማለትም ፈጣኑ ባቡር፣ አይደለም፣ የሚጭነውም ቦታው ቶሎ ያልቃል። እኔ ሁሌም ቴር ነኝ፤ ይዘገያል፣ ግን ማንም አይጨቃጨቀኝም።

ቀስ_በቀስ፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን፣ የመቃብሩን ቧንቧ መቼም አልረሳውም። እንዲህ ብናደርገውስ፤ አምስት ቀን ሉዋር፣ ከዚያ ሳይክላችንን በባቡር ጭነን ሦስት ቀን ቡርጎኝ?

ጎማ_ነፊ፦
አየህ፣ ጀመርክ ደግሞ። አንዱን ምረጥ! ባቡር ስትቀያይር አንድ ቀን ሙሉ ይሄድብሃል።

ደግሞ አንድ ነገር ረስቼ። የሳይክል መንገዱ የመኪና መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ መኪና እንዳይገባ የተተከሉ የእንጨት ወይም የብረት መከላከያዎች አሉ፣ ሳይክል ብቻ የሚያሳልፉ። የጎን ቦርሳ የጫነ ሳይክል ሰፊ ነው፤ እኔ በኩራት ሳልወርድ ላልፍ ብዬ የግራ ቦርሳዬን ከላይ እስከ ታች ቀድጄዋለሁ፣ ካልሲዬ መንገድ ላይ ተበተነ። ወርዳችሁ ግፉት። ምናልባት ከመሸባችሁ ደግሞ ከከተማ ውጭ በጨለማ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ መልበስ በሕግ ግዴታ ነው፤ ሁለት ያዙ፣ አንድ እፍኝ አይሞሉም።

ቀስ_በቀስ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ሉዋር ብቻ፣ ከሶሚር ወደ ብሉዋ፣ ንፋሱን ከኋላ አድርገን። ቡርጎኝ ለከርሞ። ባለቤቴ "በቀን ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የለም፣ ምሳ 6 ሰዓት" ብላ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች፤ ከሥሩ እንድፈርም ቦታ ትታልኛለች።