«ከእምነቱ የወጣ ከእድሩም ወጥቷል»፦ በሐዋሳ የአንድ ሰፈር እድር አባላት ክርክር

ዘታቦር፦
ባለፈው እሑድ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ኮሚቴው ያነበበውን የደንብ ማሻሻያ ላልሰማችሁ ይኸውላችሁ፦ «ሃይማኖቱን መካዱን በአደባባይ ያስታወቀ አባል ከእምነቱ እንደ ወጣ ሁሉ ከእድሩም እንደ ወጣ ይቆጠራል።» ስለ ማን እንደ ተጻፈ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ በፌስቡክ ገጹ እምነት እንደሌለው ከጻፈ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ነገር ግን አባቱ ካረፉ ጀምሮ የቤቱን መዋጮ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ጥሩምባ ሲነፋም ከዕቃ ቤት የድንኳኑን ብረትና አግዳሚውን ከሚያወጡት ወጣቶች አንዱ እሱ ነው። እድር ሬሳ ቀባሪ ማኅበር መሆኑ ቀርቶ ነፍስ መርማሪ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ወለተ ማርያም፦
ወንድሜ፣ ግማሹን ነግረህ ግማሹን አስቀረኸው። ያስቆጣን እምነት የለኝም ማለቱ ብቻ አይደለም። ጽሑፉን የለጠፈው በፍልሰታ ሲሆን፣ ሌሊት ተነሥተው ኪዳን የሚያደርሱ እናቶቻችንን «የተኙ በጎች» ብሏቸዋል። ከእነዚያ እናቶች መካከል የአባቱን ንፍሮ የቀቀሉ አሉ። ደግሞስ ነገ ቢሞት ወዴት ነው ተሸክመን የምንወስደው? በገዛ ቃሉ ልጅሽ አይደለሁም ያላትን ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አድርጊለት ልንላት ነው?

የሐይቅ ዳሩ አብዱ፦
ወለተ ማርያም፣ በአክብሮት ልጠይቅሽ። አንቀጹ «ከእምነቱ» ሲል ከየትኛው እምነት ማለቱ ነው? እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አባቴ ሲሞቱ ጀናዛቸውን በሥርዓታችን ቀበርን፣ እድሩም ድንኳኑንና ወንበሩን አመጣ፤ የጠየቀን አልነበረም። በዚሁ መዝገብ ላይ ከእኛ ወጥታ በትዳር ምክንያት ጴንጤ የሆነች አለች፣ ከጴንጤ ወጥቶ ቅዱስ ገብርኤል የተጠመቀም አለ፤ የመጨረሻውን በእልልታ ተቀብላችሁታል። እነዚህስ ከእምነታቸው አልወጡም?

ወለተ ማርያም፦
ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት መዛወርና ቤት አልባ መሆን አንድ ነው እንዴ? አንቀጹ የሚናገረው ስለ ካደ ሰው ነው።

የሐይቅ ዳሩ አብዱ፦
የዛሬው መዛወር ትናንት ክህደት ይባል ነበር። አጼ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነታቸውን ይፋ ሲያደርጉ ሕዝቡ «ተዛወሩ» አላላቸውም፤ አሥር ዓመት ሙሉ ደም ፈሶበት በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የእኛም ሰፈር ቢሆን እንዲሁ ነው። በሲዳማ ሚስዮናውያን ሥራ የጀመሩት በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የአብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን አያቶች የአባቶቻቸውን እምነት የያዙ ነበሩ። ይህ አንቀጽ ያን ጊዜ ቢኖር ዛሬ ኮሚቴው ውስጥ ከተቀመጡት ስንቶቹ ቀባሪ ያገኙ ነበር?

ኤልሻዳይ፦
እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከወለተ ማርያም ጋር ነኝ። ሃይማኖት የለሽነት ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ደርግ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳን የገደላቸው በዚያው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ፓትርያርኩንና ቄሱን በአንድ ወር ያጠፋውን ርእዮተ ዓለም የሚያወድስ ሰው በድንኳናችን ሥር ምን ይሠራል?

ዘታቦር፦
ልጁ ደርግን ያወደሰበትን መስመር ጥቀስልኝ። ደርግ የወደቀው እሱ ሳይወለድ ነው። ጸሎት የተወ ሁሉ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወራሽ ነው ካልክ፣ በጸሎት ስም የተሠራውን ግፍ ሁሉ ለአንተ ማውረስ ሊኖርብን ነው።

ወለተ ማርያም፦
ኤልሻዳይ፣ ድጋፍዎን አመሰግናለሁ፤ ሆኖም «ድንኳናችን» ሲሉ ትንሽ ገረመኝ። ልጆቻችንን ከሰንበት ትምህርት ቤት ደጃፍ እየጠራችሁ «እናቶቻችሁ ለሥዕል ይሰግዳሉ» ስትሏቸው የነበራችሁት እናንተ አይደላችሁምን? ልጁ መጀመሪያ የወጣው ወደ እናንተ ነው፤ እምነት የለሽ የሆነው ከእናንተ ዘንድ ከወጣ በኋላ ነው።

ኤልሻዳይ፦
ሦስት ዓመት መዘምራን ውስጥ አገልግሏል። እኛ ጋ ሳለ ማንንም በግ ብሎ አልሰደበም።

ወለተ ማርያም፦
እኛ ጋ ሳለም አልሰደበም።

ባለ ጥብቅናው፦
ወደ ደንቡ ብንመለስ መልካም ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝ ነፃነቱ በኃይልም ሆነ በሌላ ማስገደጃ እንዳይገደብ ይከለክላል። በሌላ በኩል አንቀጽ 31 ሰዎች ለፈለጉት ዓላማ እንዲደራጁ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከጅምሩ የአንድ እምነት ተከታዮች ብቻ ያቋቋሙት ማኅበር የራሱን ሰው ቢመርጥ እኔ አልከራከርም። የእኛ እድር ግን እንዲህ አልተቋቋመም፤ የመመሥረቻ ጽሑፉ ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል የለውም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 938 ልጁን ከውርስ የሚነቅል ወላጅ ምክንያቱን በኑዛዜው እንዲገልጽ ያስገድዳል፣ ምክንያቱ በቂ መሆኑንም ዳኛ ይመረምራል። ወላጅ በገዛ ንብረቱ ላይ ይህን ያህል የሚጠየቅ ከሆነ፣ ልጁ ራሱ ባዋጣው ገንዘብ ላይ ኮሚቴው ያለ ምርመራ መወሰኑ ትንሽ አልበዛም?

ወለተ ማርያም፦
ጠበቃ ሲመጣ እናቶች ይረሳሉ። በጎች የተባሉት እናቶች በየትኛው አንቀጽ ነው የሚካሱት?

ስሜን አልጽፍም፦
የዚሁ እድር አባል ነኝ፤ ባለቤቴም ልጆቼም አማኞች ናቸው፤ እኔ ካቆምኩ ቆይቻለሁ። በታኅሣሥ 19 ነጠላዬን ለብሼ ከእናቴ ጋር ገብርኤል እሄዳለሁ፣ ታቦቱ ሲወጣ ከሕዝቡ ጋር እልል እላለሁ። ይህን የማደርገው እናቴ እንዳትሰበርና ጎረቤት በእሷ ላይ አፉን እንዳይከፍት ብዬ ነው። እስቲ አንቀጹን መልሳችሁ አንብቡት። «የካደ» ብሎ አላቆመም፤ «መካዱን በአደባባይ ያስታወቀ» ይላል። እንግዲህ እኔ በደንቡ መሠረት ሙሉ አባል ነኝ፣ ስሞትም ፍትሐት ይደረግልኛል፤ የሚባረረው የሚያስበውን የተናገረው ልጅ ነው። እድሩ የሚጠይቀን እምነት ሳይሆን ዝምታ ነው ማለት ነው። የልጁን ስድብ አልደግፍም፤ ነገር ግን እሱ ከመጻፉ በፊት የወንጌል ወንድሞች ቤቱ ድረስ ሄደው ጋኔን አለብህ ማለታቸውን፣ አጎቱም በሠርግ ድግስ ላይ ከማዕድ ማስነሣቱን ማንም እዚህ አላነሣም።

ወለተ ማርያም፦
እህቴ ሆይ፣ ዝምታ እንደ ነውር የሚቆጠር ከሆነ እኔ በዝምታ ነው ያደግሁት። እርስዎ ለእናትዎ ብለው ዝም ማለትዎ ጨዋነት ነው፤ ከእሱም የጠየቅነው ያንኑ ነው። ሰው የልቡን በልቡ ይዞ ከጎረቤቱ ጋር መኖር ለምን እንደ በደል ይታያል? የአጎቱን ነገር አላውቅም ነበር፤ ቢሆንም አጎቱ የእድሩ አባል አይደለም።

ስሜን አልጽፍም፦
ጨዋነት የሚሆነው እኔ ስመርጠው ነው። በደንብ ሲጻፍና ቅጣት ሲከተለው ሌላ ነገር ነው። እርስዎ እኮ በየሰንበቱ በድምፅ ማጉያ እምነትዎን ሲያሰሙ የልብዎን በልብዎ ይያዙ ያለዎት የለም።

ኤልሻዳይ፦
ጋኔን አለብህ ያሉት እነማን እንደሆኑ በስም ይነገረን። በጅምላ መወንጀል አያዋጣም።

ዘታቦር፦
«ደርግን የሚያወድስ» ብለህ በጅምላ የጀመርከው አንተ ነህ።

የሐይቅ ዳሩ አብዱ፦
እኔ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የአባላት ደብተር በቤት እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። ልጁ ከተሰረዘ እናቱስ? ደብተሩ በእሱ ስም ከተዛወረ ሰንብቷል።

ወለተ ማርያም፦
እናቱን ማንም አልነካም። በራሳቸው ስም ይመዝገቡ።

የሐይቅ ዳሩ አብዱ፦
እንደ አዲስ አባል የመመዝገቢያውን ክፍያ ከፍለው? በጡረታቸው?

ባለ ጥብቅናው፦
በሚቀጥለው ጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ በምስጢር እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። አለዚያ «ስሜን አልጽፍም» ያሉት እህት እጃቸውን ሊያወጡ አይችሉም።

ወለተ ማርያም፦
በአደባባይ የተነገረ ነገር በአደባባይ ይወሰን። እኔ እጄን በግልጽ አወጣለሁ።

ዘታቦር፦
እርስዎ ቢያወጡ የሚያጡት የለም። ኮሚቴው መጀመሪያ የእናቱን ጉዳይ በጽሑፍ ይመልስ፤ እስከዚያ ድረስ በማሻሻያው ላይ ድምፅ መስጠት የለብንም።

ኤልሻዳይ፦
ምልዓተ ጉባኤ ካለ ይሰጣል።