በልብወለድና በዘፈን ውስጥ የሴቶችን እምቢታ ከተራ ብሶት እንዴት እንለያለን?

ፀደይ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። «የሴቶች እምቢታ በአማርኛ ልብወለድና ዘፈን» በሚል ርዕስ ለሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ናሙና መረጣ ላይ ምክር እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ስንት ሥራ ይበቃል? ሁለተኛ፣ ሴት ገጸ ባሕርይ ስላለቀሰች ወይም ዘፋኟ ስላማረረች ብቻ «እምቢታ ነው» ማለት ይቻላል? ሦስተኛ፣ ግጥሙን የጻፈው ወንድ ከሆነስ?

የመጽሐፍ ቀበኛ
እህት ፀደይ፣ ሁለት ልብወለድና ከ15 እስከ 20 ዘፈን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ካለፈ ትንተናው ቀርቶ የይዘት ማጠቃለያ ይሆንብሻል።

ለልብወለዱ ሦስት ነገር ፈትሺ፦ ድርጊቱን የወሰነው ማን ነው፣ ተራኪው ለማን ያደላል፣ መጨረሻዋ ምን ሆነ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን (1958 ዓ.ም.) ብንወስድ ሥርዓቱን በአደባባይ በቃል የሚከሰው ጉዱ ካሳ ነው። ሰብለወንጌል ብዙ አትናገርም፤ ግን ለልጃቸው የሚመጥን ዘር እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ ከኖሩት ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ጠፍታ የምትወጣው እሷ ናት። ንግግር ብቻ የሚቆጥር ተንታኝ እምቢታውን ለወንዱ ሰጥቶ ያልፋል። በብዙ የተማሪ ጽሑፍ የሚታየው ስህተትም ይኸው ነው።

መጨረሻዋ ደግሞ ምንኩስና ነው። ይህን ሽንፈት ነው ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔ ግን አልስማማም፤ በዚያ ዘመን አንዲት የባላባት ልጅ ዳግመኛ ለማንም ላለመዳር በሕጋዊነትና በክብር የምትይዘው በር ምንኩስና ነበር። ሁለቱንም ንባብ አቅርበሽ አንዱን ምረጪ።

የዘመኑን ሕግ ከጎኑ አስቀምጪው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግና ሚስት ሕጋዊ ትእዛዙን እንድትፈጽም ያስገድዳል። ይህ በፌዴራል ደረጃ የተለወጠው በ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ነው። ስለዚህ በ1958 የታተመ መጽሐፍ ውስጥ ያለ አለመታዘዝና በ2000ዎቹ የተለቀቀ ዘፈን ውስጥ ያለ አለመታዘዝ ክብደታቸው አንድ አይደለም።

አንድ የሴት ብዕር ካልገባበት ደግሞ ናሙናው ጎዶሎ ነው። ከስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ» ጀምሪ።

ክራር ወዳድ
ስለ ዘፈኑ። የካሴቱን ወይም የሲዲውን ሽፋን ፈልጊና «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» የሚለውን መስመር ቅጂ። ዘፋኟ ሴት ሆና ገጣሚው ወንድ የሆነበት ሥራ በጣም ብዙ ነው። ያ ዘፈኑን ከናሙና አያስወጣውም፤ «ገጣሚ» እና «ተናጋሪ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አበጅተሽ ለየብቻ መዝግቢ። የአዝማሪ ቤት ቅጂ ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቂ፦ ታዳሚው «ተቀበይ!» እያለ ስንኝ ስለሚሰጥ፣ አዝማሪዋ ያለችው ነገር ከጠረጴዛው ማዶ ከተቀመጠ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል።

ብሶትን ከእምቢታ ለመለየት የግሱን ባለቤት ቁጠሪ። «ተወኝ፣ ረሳኝ፣ በደለኝ» በሚሉት ሁሉ አድራጊው እሱ ነው። «ተውኩት፣ ወጣሁ፣ አልመለስም» ሲሆን አድራጊዋ እሷ ናት። ዜማው ቢያስለቅስም ባያስለቅስም ይህ አይለወጥም። ሦስት ቤት ሙሉ ስትቆጣ ቆይታ አዝማቹ ላይ «እጠብቅሃለሁ» የምትል ዘፈን ካጋጠመችሽ አዝማቹን አስቀድሚ፤ አድማጭ ጆሮ ላይ የሚቀረው እሱ ነው።

የዘመቻ ዘፈንንም ከገበያ ዘፈን ጋር አትቀላቅይ። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ልጃገረዶች «የኛ» የሬዲዮ ድራማና ዘፈን መልእክቱ አስቀድሞ የታቀደና በውጭ እርዳታ የተደገፈ ነው። ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፣ መለኪያው ይለያል ነው።

ወለተ ቃል
ሁለታችሁም የታተመና የተቀረጸ ብቻ ቆጠራችሁ። የወፍጮ እንጉርጉሮ፣ ሙሾ፣ የሰርግ ዘፈን የት ሄዱ? ሴት በአማትና በባል ላይ በግልጽ መናገር በማትችልበት ቤት፣ መጁን እየገፋች ብትናገረው ማንም «እየዘፈነች ነው» ብሎ ያልፋታል። የሙሽሪት ሚዜዎችም ሙሽራውንና ወገኖቹን በዘፈን ሲሸነቁጡ ለዚያች ቀን ይፈቀድላቸዋል። ጥያቄሽ መሆን ያለበትም ይህ ነው፦ ልማዱ ራሱ የሰጣት ፈቃድ እስከ የት ድረስ ነው፣ ያንን መስመር ያለፈችውስ መቼ ነው?

ከአማርኛ ውጭ ለንጽጽር ሁለት ቦታ ተመልከቺ። በኦሮሞ ዘንድ የተበደለች ሴት ስትጮኽ ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው እየዘፈኑ ይወጣሉ፣ እርቅም ሳይወርድ አይመለሱም። በጉራጌ ደግሞ የቃቄ ወርድወት አለች፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጆካ ሸንጎ ፊት የጋብቻና የፍቺ መብት የጠየቀች ሴት ናት። ታሪኳ በብሔራዊ ቴአትር በመድረክ ታይቷል።

ፀደይ
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረ፦ ቃል ግጥሙን ስገለብጥ ሰምና ወርቁን ፈታኝ መምህር «ከራስሽ አመጣሽው» እንዳይለኝ ምን ላድርግ?

ወለተ ቃል
ጥብቀቱን ምልክት አድርጊ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማይጽፍ ወርቁ ወረቀት ላይ ይሞታል። ለማሳያ ያህል እዚሁ የገጠምኩት፦

ከወፍጮው ከውሃው፣ ሥራው እየጣለኝ፣
ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ባሌ መች ሰው አለኝ።

«አለኝ» ሲጠብቅ ባሏን እየጠራች «አጋዥ የለኝም» ትላለች፤ ይህ ሰሙ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ሲላላ ግን ባሏ አንድም ቀን «ሰው» ብሎ እንዳልጠራት ትናገራለች። ስለዚህ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ነጥብ አኑሪና ከመስመሩ ጎን የቅጂውን ደቂቃና ሴኮንድ ጻፊ። መምህሩ ከተጠራጠረ ራሱ ያዳምጥ። ዘፋኟ አንዴ አጥብቃ፣ ሲደገም አላልታ ካለችው ደግሞ ሁለቱንም ጊዜ መዝግቢ፤ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አታገኚም።

እያንዳንዱ ስንኝ ስንት ቀለም (ክፍለ ቃል) እንደሆነም ቁጠሪ። ከላይ ያለው ወል ቤት ነው፣ ስድስት በስድስት። ከገለበጥሽው ስንኝ አንድ ቀለም ከጎደለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጆሮ ነው፤ ቅጂውን ዝግ አድርገሽ እንደገና አዳምጪ።

ክራር ወዳድ
በዚህ ላይ አንድ ብቻ፦ ያው ዘፈን በስቱዲዮ ቅጂና በመድረክ ሲዘፈን ስንኙ ይለያያል። የትኛውን እንደተጠቀምሽ ዓመቱን ጨምረሽ ካልጻፍሽ ሌላው አንባቢ የሌለ ስንኝ ጠቀስሽ ይልሻል።