ጥቆማ፦ የሰዓት ካርቶን ይቀመጥ ወይስ ይጣል?

ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች በተገናኙ ቁጥር ይሄ ጥያቄ አይቀርም። ሰዓቱ የመጣበት ካርቶን ይቀመጥ? ወይስ ቦታ ከሚያጣብብ ይጣል? እኛ ሀገር ደግሞ ካርቶን መጣል ይከብደናል። የቴሌቪዥኑ ካርቶን ቁምሳጥን ላይ ዓመታት ይቆያል፤ ሪሞቱም ከነላስቲኩ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው "አስቀምጥ" እንዲባል ብቻ ነው የሚጠይቀው። የእኔ ምክር ትንሽ ይለያል። ወረቀቱን ሁሌም አስቀምጡ። ካርቶኑን እንደ ሰዓቱ ዓይነት ወስኑ። ሰዓቱን ግን አሮጌ ካርቶኑ ውስጥ አታኑሩት።

ከውዶቹ እንጀምር። ሮሌክስ፣ ኦሜጋ፣ ፓቴክ ፊሊፕ ከሆነ ክርክር የለውም፣ ምንም አትጣሉ። ዱባይም ሆነ አሜሪካ ያገለገለ ሰዓት የሚገዛ ነጋዴ ቶሎ የሚጠይቀው "ፉል ሴት ነው?" ብሎ ነው። ሰዓቱን ከነሣጥኑ፣ ከውጭው ካርቶን፣ ከዋስትና ካርዱ፣ ከመመሪያው፣ ከተንጠልጣይ ምልክቱና ከሰንሰለቱ ከተቀነሱት ቁርጥራጮች ጋር ማለቱ ነው። ከነዚህ ውስጥ ግን ዋናው ካርዱ ነው። ባዶ የሮሌክስ ሣጥን ኢንተርኔት ላይ ለብቻው ይሸጣል፤ ፎርጅዱም ሞልቷል። ካርዱ ላይ ግን የሰዓቱ መለያ ቁጥር አለ፤ ከጠፋ ደግሞ ሮሌክስ ምትክ አይሰጥም። አዳዲሶቹ ሮሌክሶች ላይ ያው ቁጥር ከመስታወቱ ሥር፣ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ተቀርጿል። ማጉያ ይዞ ከካርዱ ጋር ማስተያየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ካርዱ ለመሸጥ ብቻም አይደለም። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. ከ2015 አጋማሽ ጀምሮ፣ ኦሜጋ ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለሚሸጧቸው አዳዲስ ሰዓቶች የ5 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ።

በጣም የሚጠፋው ዕቃ ሌላ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲያጥር የሚወጡት ቁርጥራጮች። ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ። በትንሽ ላስቲክ አድርጋችሁ ካርዱ ያለበት ቦታ አስቀምጡ። ክንዳችሁ ሲወፍር፣ ወይም ሰዓቱ ክንደ ወፍራም ገዢ ሲያገኝ፣ ኦርጅናል ቁርጥራጭ ፈልጎ ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳን የጃንሆይ ሰዓት መነሳት አለበት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴል 2497፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ክሪስቲስ ሊያጫርተው ከተዘጋጀ በኋላ ከጨረታው ወጣ። ሙግቱ ሰዓቱ ኦርጅናል ነው አይደለም አልነበረም፤ የማን ነው የሚለው ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ግን እዚያው ጄኔቫ ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ተሸጠ። የእኛ ሰዓት እዚያ አይደርስም፤ ቢሆንም የግዢ ደረሰኝ ያለው ሰው ስለ ባለቤትነት ብዙ ማውራት አይጠበቅበትም። ፓቴክና ሎንጂንስ የድሮ መዝገባቸውን ጠብቀው ስለያዙ፣ ወረቀቱ የጠፋ አሮጌ ሰዓት ካላችሁ ስለሱ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሮሌክስ ይህን አገልግሎት አይሰጥም።

አብዛኞቻችን እጅ ያለው ግን ሴኮ ፋይቭ ነው። የአባት፣ የአጎት፣ ከዱባይ የመጣ። እዚህ ላይ ካርቶኑ ብዙም አያስጨንቅም፤ ተራ ካርቶን ነው፣ ዋጋውንም ያን ያህል አይለውጠውም። ማንነቱን የሚናገረው ሰዓቱ ራሱ ነው። ገልብጡትና የጀርባ ክዳኑን እዩ። ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው አሃዝ የተሠራበት ዓመት የመጨረሻ አሃዝ ነው፤ ሁለተኛው ወሩ ነው። በ82 የሚጀምር ከሆነ በ8 በሚያልቅ ዓመት፣ በፈረንጆቹ የካቲት ተሠርቷል። የትኛው አስር ዓመት እንደሆነ የሚነግራችሁ የማሽኑ ስም ነው። ክዳኑ ላይ 7ኤስ26 የሚል ካለ፣ ያ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው፤ ስለዚህ ከ1998 ወዲህ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ ካርቶን አላስፈለገንም።

አንድ ነገር ግን አለ። ድሮ ከሶቪየት የተመለሱ ተማሪዎች ይዘዋቸው የመጡ ፖልዮትና ራኬታ የመሳሰሉ ሰዓቶች ቤት ውስጥ ካሉ፣ አብሮ የሚመጣውን ፓስፖርት የሚባል ትንሽ ወረቀት ፈልጉ። የሽያጭ ቀንና ማኅተም ያረፈበት ነው። ሰዓቶቹ ብዙ ናቸው፤ ወረቀቱ የቀረላቸው ጥቂት ናቸው።

ጂ-ሾክ የሚባለው ጠንካራው የካሲዮ ሰዓትስ? የሚመጣባት ባለ ስድስት ጎን ቆርቆሮ ሣጥን ታምራለች፤ ቦታ ካላችሁ አስቀምጧት፣ ከሌላችሁ ለልጆች ስጧት። ተራዋ ካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ ላይ አትጨነቁ።

አሁን ሰዓቱን አሮጌ ካርቶኑ ውስጥ አታኑሩ ያልኩበት ምክንያት። የብዙ ሣጥኖች ስፖንጅና ቆዳ መሳይ ልባስ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። አየር ላይ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከአሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስፖንጁ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ልባሱም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ፍርፋሪው ሰንሰለቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባል፤ የቆዳ ማሰሪያ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ አይለቅም። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ ክረምት አለ። ተዘግቶ የከረመ የቆዳ ማሰሪያ መስከረም ላይ ሲከፈት ሻጋታ ያወጣል። ባትሪ የሚሠራ ሰዓት ከሆነ ያለቀውን ባትሪ ሳታስወጡ አታስቀምጡት፤ ይፈስና ማሽኑን ያበላሸዋል።

ታዲያ የት እናስቀምጠው? መርካቶ የሚሸጡት ባለ መስታወት ክዳን፣ ባለ ስድስትና ባለ አሥር ክፍል ሣጥኖች ለዕለት ተዕለት ጥሩ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ። ሰዓቱ የሚታሰርባቸው ትራሶች አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም ናቸው፤ ለቀጭን ክንድ የተስተካከለ ሰንሰለት አይዘጋባቸውም። በግድ ከተዘጋ መቆለፊያው ይላላል። ትራሱን ተጭናችሁ ሞክሩት፤ እጃችሁ ውስጥ የማይጨመቅ ከሆነ ተዉት።

እኔ የምመርጠው አናጺ ማሠራት ነው። ዋንዛ ጣውላ፣ ውስጡ ጥጥ ጨርቅ፣ ክፍሎቹ በራሳችሁ ልክ። ጣውላው በደንብ የደረቀ መሆኑን አረጋግጡ። ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ክፍት ይቆይ፤ ሰዓት የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሉ፤ ሁለት ሦስቱን ጣል አድርጉበት። ዚፕ ያለው ጠንካራ ቦርሳ ለመንገድ ነው፤ ለማከማቻ አይመችም። ውድ ሰዓት ያለው ሰው ደግሞ ካርዱንና ደረሰኙን ከሰዓቱ ጋር አንድ ቦታ አያድርግ። ሌባ ፉል ሴት ሲያገኝ ሥራው ይቀልለታል። ካርዱን ፎቶ አንሱት፣ ፎቶውን ውጭ ላለ ዘመድም ላኩት።

ከውጭ ለሚመጡ፦ የሮሌክስ ሣጥን ከነካርቶኑ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ ይይዛል። ሰዓቱን እጃችሁ ላይ አድርጉ፣ ካርዱን የእጅ ቦርሳ ውስጥ፣ ሣጥኑን በሚቀጥለው ጉዞ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ስትገዙ "ካርቶን አለው" በሚል ዋጋ አትጨምሩ። የድሮ ሰዓት ሠሪዎች ጋ ወስዳችሁ ጀርባውን አስከፍቱ። ሴኮ ከሆነ ክዳኑ ላይ የተጻፈው የማሽን ስምና ውስጥ ያለው ማሽን አንድ መሆን አለባቸው። ካልገጠሙ ከሁለት ሰዓት የተገጣጠመ ነው። የገጹ ቀለም ከሰዓቱ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር በጣም ካበራም ጠይቁ፤ በኋላ የተቀባ ሊሆን ይችላል።

ልትጥሉ የወሰናችሁት ሣጥን ካለ ደግሞ ቁጥር ያለበትን ተለጣፊ ልጣችሁ ቅደዱ። የታዋቂ ሰዓት ሣጥን ከሆነም ለቆራሌው አትስጡት። ነገ ውስጡ ፎርጅድ ተቀምጦ ለሌላ ሰው "ኦርጅናል ነው፣ ይኸው ካርቶኑ" ተብሎ ይሸጥበታል። ያው ሞዴል ኖሮት ሣጥን የሌለው ሰው ፈልጋችሁ ስጡት፣ አለዚያ ሰባብራችሁ ጣሉት።